ሳህኑ የማን ነው?

መጽሐፉን የገዛሁት በሽፋኑ ነው። ሐምሌ ውስጥ ለሥራ ደብረ ብርሃን ወጥቼ ነበር። ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልኩ። አንድ መጽሐፍ አዟሪ ልጅም አጠገቤ ቆሟል። መጽሐፎቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፏቸዋል። በላስቲኩ ውስጥ አንድ ጥቁር ዛፍ ታየኝ። ከቅርንጫፎቹ ግራጫ ጸጉር የመሰለ ነገር ተንዠርግጓል።

«ይሄ የዛፍ ሽበት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ልብ አንጠልጣይ ነው እናቴ። የአሜሪካ ነው። ሌሊቱን አያስተኛዎትም» አለኝ።

450 ብር አለ። በ420 ተስማማን።

ወፍ ዋሻ ደን የገባ ሰው ያንን ሽበት ያውቀዋል። ከጽዱ ላይ ተንጠልጥሎ በጉም ውስጥ ሲወዛወዝ፣ ዛፉ ጺሙን ያሳደገ ሽማግሌ ይመስላል። ቤት ገብቼ ስለ ሽፋኑ ዛፍ ፈልጌ አነበብኩ። የአሜሪካው ሌላ ተክል ነው። የአናናስ ዘመድ ነው። ሥሩ አፈር አይነካም፤ ከአየርና ከዝናብ ነው የሚኖረው። ሳይንሳዊ ስሙ ግን «የዛፍ ሽበት መሳይ» እንደ ማለት ነው። ዓይኔ አልተሳሳተም ማለት ነው። ደስ አለኝ። እዚህ ድረስ መጽሐፉን ወድጄው ነበር።

ርዕሱን አልጽፍም። ተርጓሚው ጀማሪ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው ብሎ መግቢያው ላይ ጽፏል። ቅር ያሰኘኝም በዋናነት የእሱ ሥራ አይደለም። ሽፋኑን ያየ ሰው መጽሐፉን ያውቀዋል።

እኔ የምኖረው ደብረ ሲና ነው። በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ 19 ዓመቴ ነው። መዝገብ እከፍታለሁ፣ ቀጠሮ እጽፋለሁ፣ መጥሪያ አወጣለሁ። የወንጀል ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ሰዎች «ቀን የጠገብሽውን ማታ ደግሞ ታነቢያለሽ?» ይሉኛል። መዝገብ ላይ የማይጻፈውን ፍለጋ ነው የማነበው። መዝገብ ማን ምን እንዳደረገ ይናገራል። ጎረቤቱ ለምን ዝም እንዳለ አይናገርም። ጥሩ ልብ ወለድ ይህን ይናገራል።

ታሪኩ የሚሆነው በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አንዲት ነርስ እናቷ ሞታባት ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች። ልጅ ሳሉ የቅርብ ጓደኛዋ ጠፍታ ነበር። 16 ዓመቷ ነበር። ወንዝ ዳር አንድ ጫማዋ ብቻ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅቷ የሚያነሳ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ ስሟን ግን አይጠሩም።

የመጀመሪያዎቹን 80 ገጾች ማንም ቢያነባቸው አይጸጸትም። ሙቀቱ ራሱ ይሰማችኋል። እኛ ሙቀትን የምናውቀው ከጉማችን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ነው፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ትዕግስቱ። ደራሲው ያንን ስሜት በደንብ ይዞታል። ሰው ሁሉ በሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቀስ ብሎ ሲናገር ደግሞ የሚዘለውን ነገር ትሰሙታላችሁ።

ገጽ 41 ላይ ለቅሶው አለ። ጎረቤት ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል። በአይብ የተጋገረ መኮሮኒ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣ። በየሳህኑ ሥር ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ ላይ የባለቤቷ ስም ተጽፏል፤ ሳህኑ እንዲመለስላት። እዚያ አገር እንዲህ ነው ደንቡ። እዚህ ስደርስ ፈገግ አልኩ። የእድራችን ድስቶች ሥር በቀይ ቀለም ቁጥር አለባቸው። እናቴ ያረፈች ጊዜ የገባውን አገልግል ሁሉ የመለስኩት በክዳኑ ክር እየለየሁ ነው። ባለ ሰማያዊዋ የማን እንደሆነች፣ ባለ ቢጫዋ የማን እንደሆነች ለመለየት ጠያቂ አላስፈለገኝም።

ነርሷ ማታ ሳህኖቹን ታጥባለች። ስምንት ናቸው። ሰባቱ ስም አላቸው። ስምንተኛው የለውም። ፕላስተሩ ተልጧል። ሙጫው ብቻ በአራት ማዕዘን ቅርጽ ቀርቷል፣ ቆሻሻ ይዞ ጠቁሯል። በጥፍሯ ትፍቀዋለች። «ይሄ ሳህን የማን ነው?» ትላለች። አክስቷ አትመልስም። ሳህኑን ከእጇ ትወስዳለች፣ ታደርቀዋለች፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ከኋላ ትከተዋለች። በሩን ትዘጋለች።

ይህን ያነበብኩት ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ልክ አክስቷ በሩን ስትዘጋ እኛም ጣሊያን የቆፈረው የታርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባን። ጨለመ። ጣቴን ገጹ ላይ አድርጌ ብርሃኑን ጠበቅሁ። ከዋሻው ስንወጣ ጉም ነበር፤ ፊደሉ አይታይም። ደብረ ሲና እስክንደርስ ሳህኑን ሳስብ ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የሚፈልግ፣ ግን ስሙ እንዳይነሳ የሚፈልግ ሰው ማነው? የጠፋችው ልጅ እናት ትሆን? አክስትየዋስ ሳህኑን እንዴት አወቀችው? ፕላስተሩን የላጠው አምጪዋ ናት ወይስ ተቀባይዋ? መዝገብ ቤት 19 ዓመት ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስጨነቀኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ሦስት ሌሊት አነበብኩ። ሁለቱን በሻማ፣ መብራት ስላልነበረ። ሳህኑ አልተመለሰም።

ገጽ 361 ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ብቅ አለ። ከዚያ በፊት ስሙም፣ ጥላውም የለም። በሌላ ስቴት እስር ቤት ነው ያለው። ልጅቷ የጠፋች ሌሊት በከተማዋ በኩል ሲያልፍ እንዳገኛት በደብዳቤ ያምናል። አለቀ። ከተማው ሁሉ ነጻ ወጣ። 20 ዓመት ዝም ያሉት ሰዎች ዝም ያሉት «ስለሚያዝኑ» ብቻ ነው ተባለ። ነርሷ አክስቷን አቅፋ አለቀሰች። መጽሐፉ 398 ገጽ ነው። የቀሩት ገጾች ስለ ጸሐይ መጥለቅ ናቸው።

ተናደድኩ። በእውነት ተናደድኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ደብረ ሲና የመንገድ ከተማ ናት። የደሴ መንገድ በመሐሏ ያልፋል። አውቶቡስ ቆም ሲል ቆሎ የያዙ ሴቶች በየመስኮቱ ይሯሯጣሉ፤ ቆሎአችንን የማያውቅ የሰሜን መንገደኛ የለም። መንገደኛ እንጀራችን ነው። ደግሞም ለሁሉ ነገር መልሳችን ነው። ዶሮ ሲጠፋ «መንገደኛ ይሆናል»። ሱቅ ሲሰበር «መንገደኛ ይሆናል»። እንዲህ ማለት ይቀላል። መንገደኛ አይቀየምም። ነገ በር ላይ አታገኙትም። ልጁ ከልጃችሁ ጋር አንድ ክፍል አይማርም። እኔ ግን መዝገቡን አያለሁ። በእጄ ካለፉት መዝገቦች ብዙው ላይ ከሳሽና ተከሳሽ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ አጥር የሚጋሩ፣ አንድ እድር ያሉ።

አንዱን ልንገራችሁ። ስምም፣ ቀበሌም አልጠራም፤ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ ሰው 11 ባሕር ዛፍ በአንድ ሌሊት ተቆረጠበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ጎረቤቱ ቤት ሠራ። ነገሩ ወደ ክስ ሄደ። ምስክር ተጠራ። ችሎት ፊት ቆመ፣ ማለ፣ «እኔ በዓይኔ ያየሁት የለም» አለ። ወጣ። ከመስኮቴ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ባለጉዳይ የሆነች አንዲት ሴት አጠገቡ ነበረች። «ያን አዲሱን ቤት አየሽው? ምሰሶው ሁሉ እኩል፣ ቀጥ ያለ» አላት። «አየሁት» አለች። «የእገሌ ባሕር ዛፍ እኮ ድሮም ቀጥ ያለ ነበር» አለ። ሴትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱስ ነበር» አለች። ሁለቱም ዝም አሉ። እኔም ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ያ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። የምስክሩ ልጅ ሲሞት ተከሳሹ አብሮት ጉድጓድ ቆፍሯል። ነገ እሱም ሲሞት የሚቆፍርለት ያው ሰው ነው። በትንሽ ከተማ ምስጢር ማንም የማያውቀው ነገር አይደለም። ሁሉም የሚያውቀውና ማንም አፍ አውጥቶ የማይናገረው ነው። በየቀኑ በዚያ ቤት ደጅ እያለፉ «ቤትህ አምሯል» ይላሉ።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳሉ አውጫጭኝ ላይ ተቀምጠዋል። አፈርሳታም ይሉታል። አገር ውስጥ ስርቆት ወይም ግድያ ሲደርስና ጥፋተኛው ሲታጣ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው ሳይወጣ መበተን የለም፤ ቀናት ቢፈጅም። ከመሐል ጥቂት ሰዎች ይመረጣሉ። «ወፍ» ይባላሉ። የሚያውቅ ሰው ለወፎቹ በጆሯቸው ይነግራል። ወፎቹ የተነገረውን ያወጣሉ፤ የነገራቸውን ሰው ግን አያወጡም፣ ምለዋልና። አያቴ ሲያወሩኝ «ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የጠፋው መናገሪያ ነው» ይሉ ነበር። ሥርዓቱ ሰውን ከእርሻው አስቀርቶ በደል ያደርስ እንደነበርም አልደበቁኝም። ግን ሐሳቡን አስቡት። አገሩ ራሱ ነው የሚጠየቀው። መንገደኛ ነው ብሎ ማምለጥ የለም።

ይህ መጽሐፍ አውጫጭኝ ጠርቶ፣ ሰዉን ሁሉ 360 ገጽ አስቀምጦ፣ በመጨረሻ «መንገደኛ ነው፤ በሉ ወደየቤታችሁ» አለ።

የአሜሪካ ደቡብ ደግሞ ይህ የሚባልበት አገር አይደለም። በእንግሊዞቹ አቆጣጠር በ1955 ኤሜት ቲል የሚባል የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ከቺካጎ ሚሲሲፒ ዘመዶቹ ጋ ሄደ። አንዲት ነጭ ባለሱቅ ለከፈኝ አለች። ሌሊት የሴትየዋ ባልና ወንድሙ መጥተው ልጁን ካደረበት ቤት ወሰዱት። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ታላሃቺ ከሚባለው ወንዝ ወጣ። ፍርድ ቤት ውስጥ ሞዝ ራይት የተባሉት የቤቱ አባወራ፣ የልጁ እናት አጎት፣ ተነስተው በጣታቸው ሰዎቹን አሳዩ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ጥቁር ሰው ነጭን በችሎት እንዲህ ማሳየት ሕይወትን ማስያዝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሚሲሲፒን ለቀው ለመሄድ ተገደዋል። ከሕዝብ የተመረጡት 12 ፈራጆች ሁሉም ነጭ ወንዶች ነበሩ። 67 ደቂቃ ተመካክረው «ጥፋተኛ አይደሉም» አሉ። ከወራት በኋላ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ መጽሔት ገንዘብ ተቀብለው «ገደልነው» ብለው ተናገሩ። ሁለተኛ ሊከሰሱ አይችሉም ነበር። እኛም ሕገ መንግሥት ውስጥ አንቀጽ 23 አለ፤ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ መከሰስ የለም።

እዚያ የጠፋው መረጃ አልነበረም። ወንዙም ያውቃል፣ ከተማውም ያውቃል። እንግዲህ ስለዚያ አገር የሚጽፍ ሰው ጨለማውን ከየት እንደሚያመጣው ግልጽ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ሰዎች ሦስት ናቸው። አንዷ ምግብ ታበስላለች፣ አንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ አንዷ መዝሙር ትዘምራለች። ማናቸውም አንድ ገጽ ሙሉ አይናገሩም። መቃብር ቆፋሪውን ብቻ ቢጠይቁት ታሪኩ በገጽ 100 ባለቀ።

ሌላም የባከነ ነገር አለ። በጆርጂያ ሸሪፍ በሕዝብ ድምፅ ነው የሚመረጠው፤ በየ4 ዓመቱ። አስከሬን የሚመረምረው ሹምም በብዙ ካውንቲዎች፣ በእኛ ወረዳ እንደ ማለት ነው፣ በምርጫ ነው የሚመጣው። ሐኪም መሆንም ግዴታው አይደለም። እስቲ አስቡት። ልጅ ጠፋች። የሚመረምረው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ከተጠርጣሪው አባት፣ ከአጎቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ድምፅ ይለምናል። ይህን ሌላ ቦታ ሳነብ ፍርሃት ተሰማኝ። የመጽሐፉ ሸሪፍ ግን ውስኪ ይጠጣል፣ መስኮት ያያል፣ ይተነፍሳል። ስለ ምርጫ አንድ ቃል የለም። ተርጓሚው ደግሞ «የወረዳው ፖሊስ አዛዥ» ብሎታል። አዛዥ ተሹሞ ይመጣል፣ ተዛውሮ ይሄዳል። ሸሪፍ የዚያው አገር ሰው ነው። ሸሪፍ ቢለው ይሻል ነበር፤ በፊልም ለምደነዋል።

ትርጉሙ ላይ ጥቂት ልበል። ዓረፍተ ነገሩ ባብዛኛው ይፈስሳል። «ጣፋጭ ሻይ» የሚለው ግን መጽሐፉን ሙሉ አወከኝ። በዚያ ሁሉ ሙቀት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጣፋጭ ሻይ ይጠጣሉ። እኛ ዘንድ ሻይ መቼ መራራ ሆኖ ያውቃል? እኔ በሐሳቤ ትኩስ ሻይ በብርጭቆ እያየሁ ነበር። የእነሱ በበረዶ የቀዘቀዘ ነው። «የቀዘቀዘ ሻይ» ቢል ምስሉ በተስተካከለ። አክስትየዋ ደግሞ ነርሷን ደጋግማ «ልብሽን ይባርከው» ትላታለች። እዚያ አገር ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ስድብ ነው፤ በምርቃት የተጠቀለለ ንቀት። የእኛ አሮጊቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይ ልጄ፣ እግዜር ይርዳሽ» ሲሉ እንደሚወጋው ማለት ነው። ሸዋ ውስጥ ሰምና ወርቅ ለማን ይነገራል? ተርጓሚው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጣለው። አንባቢው አክስትየዋን ደግ ሴት አድርጎ ነው የሚያልፋት።

ብዙዎቻችን የአሜሪካን ደቡብ መጀመሪያ ያየነው ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በመለሰው መጽሐፍ ነው። እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው የተረጎመው። ያ መጽሐፍ ደቡብን ከባለ እርሻዎቹ ወገን ነው የሚያየው፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። አማርኛው ግን ምን ያህል እንደተደከመበት ሰው ያውቃል። ወረቀት የጠበበበት ሰው ቃል አያባክንም። ለዚህ ወጣት ተርጓሚ የምመኝለት ያንን ጥንቃቄ ነው። ጆሮ አለው። የለቅሶውን ምዕራፍ የጻፈበት አማርኛ የእኛው ለቅሶ ቤት አማርኛ ነው፤ እዚያ ላይ አልቅሻለሁ።

ግዙት አልልም። ከሰው ተውሳችሁ የመጀመሪያዎቹን 80 ገጾች አንብቡ። በተለይ ገጽ 41ን አንብቡ። ከዚያ ብትመልሱት አይቆጨኝም። ሹፌሩን ለማግኘት ብላችሁ ሻማ አታቃጥሉ።

እኔ አሁንም ሳህኑን አልተውኩትም። መልሱ አክስትየዋ ጋ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለቅሶ ቤት ሳህን ያለ ስም ሲገባ አይታ የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ያወቀች ሴት፣ 20 ዓመት የምታውቀው ነገር አለ። ደራሲው ያንን መደርደሪያ ከፍቶ ቢያየው ሹፌር መፈለግ ባላስፈለገው። ሴትየዋን ፈጥሮ፣ ሳህኑን በእጇ አስይዞ፣ በሩን አስዘግቶ፣ ከዚያ ረሳት።

መጽሐፉን ለጽሕፈት ክፍላችን ልጅ አውሻታለሁ። ራሷ ናት የለመነችኝ። ትናንት ጠዋት ቆሎ በወረቀት ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል።

«ገጽ 70 ደርሻለሁ እትዬ። ሳህኑ የልጅቷ እናት ነው አይደል? አይ፣ አይንገሩኝ! እንዳይነግሩኝ» አለች።

አልነገርኳትም። ቆሎውን አብረን በላን።